የአካባቢ ኢኮኖሚ ልማት ትስስሮች

የአካባቢ ኢኮኖሚ ልማት ትስስር በአንድ ከተማ ወይም ክልል የሚሠሩ ድርጅቶች ከአስተዳደሩ፣ ከማሠልጠኛ ተቋማትና ከባንኮች ጋር ሆነው ብቻቸውን የማይወጡትን ሥራ በጋራ የሚሠሩበት አደረጃጀት ነው። ንግድ ምክር ቤት፣ የዘርፍ ማኅበር፣ ክላስተር (በአንድ አካባቢ ተባብረው የሚሠሩ የአንድ ዘርፍ ድርጅቶች ስብስብ) ወይም የዋስትና ማኅበር ሊሆን ይችላል። አንጋፋው ንግድ ምክር ቤት ሲሆን፣ የማርሴይ ነጋዴዎች የራሳቸውን ያቋቋሙት በ1599 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እንደጻፈው፣ አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ድርጅቶች አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ የሠለጠነ ሠራተኛ በቅርብ ያገኛሉ፣ ግብዓት አቅራቢዎች ይከተሏቸዋል፣ የሙያው ዕውቀትም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህን ጉርብትና ብቻውን ያመጣዋል። ትስስር የሚባለው ግን ጎረቤታሞቹ አስበው፣ ገንዘብም አዋጥተው ሲተባበሩ ነው።

ልዩነቱን የፓኪስታኗ ሲያልኮት በደንብ ታሳያለች። የቀዶ ሕክምና መሣሪያና የእግር ኳስ የሚመረትባት ይህች ከተማ ከባሕር ሩቅ ናት፤ አብዛኞቹ አምራቾቿም ትናንሽ ናቸው። ነጋዴዎቿ በ1980ዎቹ ደረቅ ወደብ አቋቋሙ፤ ተባብረው የገነቡት አውሮፕላን ማረፊያም በ2007 ሥራ ጀመረ። ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ1994 ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥራት ጉድለት ምክንያት መሣሪያዎቻቸው እንዳይገቡ ገደብ ጣለ። በዋጋ ሲሻሙ የኖሩት አምራቾች በማኅበራቸው በኩል ከመንግሥት ጋር ሆነው የውጭ አማካሪ ቀጠሩ፣ የጥራት አሠራር ተማሩ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ገበያቸውን መልሰው ያዙ። አማካሪውን ብቻውን የመቅጠር አቅም ያለው ትንሽ አምራች አልነበረም።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም ብድር ነው። በጣሊያን ትናንሽ ድርጅቶች ገንዘብ አዋጥተው የዋስትና ማኅበር ያቋቁማሉ፤ አባሉ ሲበደር ማኅበሩ ለባንኩ ዋስ ይሆናል። አሠራሩ የሚያዋጣው የተበዳሪውን ሥራና ጠባይ ከባንኩ ይልቅ የሙያ ባልደረቦቹ ስለሚያውቁ ነው። የጋራ ግዢ፣ በኅብረት ጨረታ መወዳደርና የዐውደ ርዕይ ወጪን መጋራትም የተለመዱ ናቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በየምሥረታ ስብሰባው ይጠቀሳል፤ ድሩን ማን እንደሚፈትል ግን እምብዛም አይነሳም። ዴንማርክ በ1989 በጀመረችው መርሐ ግብር ድርጅቶችን የሚያቀራርቡ ሙያተኛ አስተባባሪዎችን ያሠለጠነችው ለዚህ ነው። አስተባባሪ የሌለው ትስስር ብዙውን ጊዜ የስም ዝርዝርና የዓመት መዋጮ ሆኖ ይቀራል።

ትስስሩ ከመጠን በላይ ሲጠብቅም አደጋ አለው። የአንድ ሙያ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ዋጋ ወደ ማስወደድ እንደሚያዘነብል የኢኮኖሚክስ ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 አስጠንቅቋል፤ ዛሬም በዋጋ መስማማትና ጨረታ መከፋፈል በብዙ አገሮች የውድድር ሕግ ያስቀጣል። በጀርመን የሩር አካባቢ ደግሞ የድንጋይ ከሰልና የብረት ኩባንያዎች፣ አቅራቢዎቻቸውና ፖለቲከኞቹ እጅግ ተቀራርበው ስለነበር፣ ገበያው መቀዝቀዙን ዘግይተው ነው የተቀበሉት። ሁሉም የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነበር። ጠንቃቃ ትስስሮች ከሌላ ከተማና ከሌላ ዘርፍ የመጡ አባላትን የሚያስገቡት ይህንኑ ፈርተው ነው።