ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው? ስለ መረጃ ዘመቻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይባላል። ተረቱ ደርዝ አለው፤ ግን ወሬ ብቻውን ጦር የሚፈታ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ስለ መረጃ ዘመቻ፣ ማለትም በመረጃ የጠላትን አስተሳሰብና ውሳኔ ለመለወጥ ስለሚደረግ ዘመቻ፣ በብዛት የሚባሉትን አራት ነገሮች እንፈትሽ። (ከታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ያው ውሸት መንዛት ነው»

አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የሚሠራው እውነቱ ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አሜሪካ መራሹ ጥምር ኃይል በኢራቅ ወታደሮች ላይ ወደ 29 ሚሊዮን በራሪ ወረቀት በትኗል። አንዳንዱ ወረቀት ቢ-52 የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቦምብ ሲያዘንብ የሚያሳይ ሥዕል ይዞ፣ ክፍለ ጦሩን በቁጥሩ ጠርቶ «ነገ ትደበደባላችሁ፤ ቦታውን ልቀቁ» ይላል። በማግስቱ ቦምቡ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወረቀት ማን ይጠራጠራል? እጅ ከሰጡት ብዙዎቹ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ነበር። ቦምቡና ረሃቡ ባይኖሩ ግን ወረቀቱ እሳት ከማያያዝ ያለፈ ጥቅም ባልነበረው።

«የማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን ፈጠራ ነው፤ ዒላማውም ሕዝብ ነው»

በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ፌስቡክ አልነበረም። የእንግሊዝና የአሜሪካ ተባባሪ ጦር ዘመቻ ዒላማው የጀርመን የጦር አዛዦች፣ የተፈለገውም አንድ ውሳኔ ነበር፦ ጦራቸው ከሰሜን ፈረንሳይዋ ካሌ እንዳይንቀሳቀስ። ለዚህም በጄኔራል ፓተን የሚመራ፣ በሬዲዮ ልውውጥና በሐሰተኛ ጀልባዎች ብቻ የቆመ ጦር በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ተፈጠረ። ለጀርመን የሚሰልል መስሎ ለእንግሊዝ የሚሠራው፣ ጋርቦ የተባለው ስፔናዊ ድርብ ሰላይ ሁዋን ፑጆል ደግሞ 27 ረዳት ሰላዮች አሉኝ እያለ ለጀርመኖች ይጽፍ ነበር፤ ሁሉንም የወለዳቸው ብዕሩ ነው። ተባባሪዎቹ ሌላዋ የፈረንሳይ ዳርቻ ኖርማንዲ ላይ ከወረዱ ከሦስት ቀን በኋላ «ይህ ማዘናጊያ ነው፤ ዋናው ገና ነው» አለ። የጀርመን 15ኛ ጦር አብዛኛው ክፍል ለሳምንታት ካሌ ላይ ተገትሮ ቀረ። ጋርቦን ሁለቱም ወገኖች ሸለሙት! በእኔ እይታ ግን የሠራው የእሱ ብልጠት ብቻ አይደለም፤ ጀርመኖች ጥቃቱ በካሌ ይመጣል ብለው ቀድመው አምነው ነበር።

«ዲፕፌክ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ሐሰተኛ ቪዲዮ) ከመጣ ወዲህ ማንንም ማታለል ይቻላል»

መጋቢት 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ «መሣሪያችሁን አስቀምጡ» ሲሉ የሚያሳይ የተቀነባበረ ቪዲዮ ወጣ። ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር አልገጠመም። ዩክሬናውያን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ አስቀድመው ተነግሯቸው ነበር፤ ዘለንስኪም ወዲያው ራሳቸው ቀርበው አስተባበሉ።

«ዋናው የምንናገረው ነው»

ሳይናገሩ የሚያመልጠውስ? ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን መንገድ የሚያሳይ የዓለም ካርታ በ2017 መጨረሻ አወጣ፤ በ2018 መጀመሪያ ሰዎች ጨለማ በሆነው በረሃ መካከል የሚያበሩ ቀለበቶችን አዩበት። በአፍጋኒስታንና በሶሪያ የሰፈሩ ወታደሮች ሩጫን የሚመዘግበውን ሰዓታቸውን አስረው በካምፕ አጥራቸው ዙሪያ ሮጠው ነበር።