ፈጣን ቻርጅ ምንድን ነው? ከአዳማ ሆኖ አዲስ ብራንድ ለሚመርጥ ሰው

«እህቴ፣ ይቺ መኪና በ18 ደቂቃ ትሞላለች» አላት ሻጩ። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ደስ ብሏታል። እኔ ደግሞ «ከስንት እስከ ስንት በመቶ ነው ወንድሜ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩን ከፍቶ ፈለገና «ከ30 እስከ 80» አለኝ። ሙሉ አይደለም፤ ግማሽ ነው። ሰውየው ሊያታልለን አስቦ አይመስለኝም፤ ብሮሹሩ ላይ የተጻፈውን ነው የነገረን። ግን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ለመግዛት ስንት ዓመት ያጠራቀመች ሴት በዚህች አንድ ቁጥር ልትወስን ስትል ዝም ማለት አልቻልኩም። ያን ቀን ለእሷ ያስረዳኋትን ነው እዚህ የምጽፈው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ብራንዶች ገበያውን ሞልተውታል። ኤክስፔንግ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፣ ሊፕሞተር በ2015፣ ዚከር በ2021። አንድ ቶዮታ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ላየ ሰው እነዚህ ገና ሕፃናት ናቸው። ታዲያ ስም ስለሌላቸው ገዢን የሚስቡት በቁጥር ነው፤ ከቁጥሮቹም ሁሉ ቀድሞ የሚጠራው የፈጣን ቻርጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ የሚባለውን ቀጥታ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ከቤታችን ሶኬት የሚወጣው ግን ኤሲ የሚባለው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ቤት ስንሰካ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው መኪናዋ ውስጥ የተገጠመ መሣሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ ቦታና ክብደት ስለሚገድበው አቅሙ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 11 ኪሎ ዋት። ተራ ሶኬት ከሆነ እዚያም አይደረስም፤ 220 ቮልት በ15 አምፒር ሲባዛ 3.3 ኪሎ ዋት ነው። ፈጣን ቻርጅ ማለት ይህን የመቀየር ሥራ ከመኪናዋ አውጥቶ ጣቢያው ላይ ለቆመው ትልቅ ሣጥን መስጠት ነው። ሣጥኑ ራሱ ቀይሮ ዲሲውን በቀጥታ ለባትሪው ያቀብላል፤ በ30፣ በ60፣ በ120 ኪሎ ዋት፣ ከዚያም በላይ።

የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። እንግዲህ ቤት ቻርጅ ማድረግ ምጣድ ጥዶ እንደማደር ነው። በማከፋፈያ ገመድ ሰክተው የሚተኙ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ልቤ ይሸበራል፤ ያ ገመድ አሥር ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተጭኖት አያውቅም። እባካችሁ፣ ለመኪናዋ ብቻ የሚሆን መስመርና ብሬከር ከቆጣሪው በኤሌክትሪሺያን አዘርጉ። 100 ኪሎ ዋት ደግሞ ወደ ሠላሳ ምጣድ ባንድ ጊዜ ማለት ነው። አዳማ ዙሪያ ከተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች አንዱ በሙሉ አቅሙ ሲሽከረከር የሚያመነጨው 1.5 ሜጋ ዋት ነው፤ በ100 ኪሎ ዋት የሚሞሉ አሥራ አምስት መኪኖች ይጨርሱታል። ፈጣን ቻርጀር እንደ ሱቅ በየጥጉ የማይከፈተው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 18 ደቂቃው እንመለስ። ኪሎ ዋት ኤሌክትሪኩ የሚፈስበት ፍጥነት ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት ደግሞ ባትሪው ውስጥ የሚጠራቀመው መጠን። የዚያች መኪና ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹ 30 ነው። 30ውን በ18 ደቂቃ ለማስገባት በአማካይ 100 ኪሎ ዋት ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። ጣቢያው የሚሰጠው 60 ከሆነስ? ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መኪናዋ 160 መቀበል ብትችልም የሚገባው 60 ነው። ጣቢያው 600 ቢኖረውም መኪናዋ 80 ብቻ የምትቀበል ከሆነ 80 ነው። ሁልጊዜ የሚሠራው ትንሹ ቁጥር ነው። በዚያ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ሁለት ገመድ አላቸው፤ ሌላ መኪና መጥቶ ከጎናችሁ ሲሰካ የሣጥኑን አቅም ትካፈላላችሁ።

ጠጅ በብርሌ ሲቀዳ አይታችኋል። ሆዱ እስኪሞላ ይንቆረቆራል፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ ቀጂው እጁን ይይዛል። ባትሪም ባዶ ሲሆን በብዛት ይቀበላል፣ ወደ 80 በመቶ ሲጠጋ መኪናዋ ራሷ ፍሰቱን ትቀንሳለች። በግድ ቢገፋበት ባትሪው ውስጥ ኃይሉን የሚሸከመው ሊቲየም ወደ ውስጥ መግባቱ ይቀርና ላዩ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል፤ ባትሪው ይጎዳል፣ ከባሰም አደጋ ያመጣል። «እስከ 160 ኪሎ ዋት» የሚለው ጽሑፍ ስለዚህ የሚናገረው ስለ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። የመጨረሻዎቹ 20 በመቶ ከዚያ በፊት ከነበሩት 50 በመቶ በላይ ጊዜ ሊወስዱ ይችላሉ። መጠየቅ ያለበት ከፍተኛው ኪሎ ዋት ሳይሆን ከ10 እስከ 80 በመቶ የሚፈጀው ደቂቃ ነው፤ በየትኛው ጣቢያ እንደተለካም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2025 የታደሰው ኤክስፔንግ ጂ6 ከ10 እስከ 80 በ12 ደቂቃ ይደርሳል ሲባል፣ ከ400 ኪሎ ዋት በላይ የሚሰጥ ጣቢያ ተገኝቶ ነው።

«ባትሪዋ ባለ 800 ቮልት ነው» የሚለው ወሬም ከዚሁ ጋር ይመጣል። 250 አምፒር በ400 ቮልት 100 ኪሎ ዋት ነው፣ በ800 ቮልት 200። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ጣቢያው ያን ያህል ቮልት የማይሰጥ ከሆነ፣ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ የሌላት መኪና ጭራሽ ላትሞላ ትችላለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ አጥብቄ የምለው ስለ መሰኪያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራች መኪና ጂቢ/ቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዛ ትመጣለች፤ ለኤሲ አንድ ቀዳዳ፣ ለዲሲ ሌላ ቀዳዳ ስላላት በዚህ ትለዩዋታላችሁ። ለአውሮፓ የተሠራችው ሲሲኤስ 2 አላት፤ ሁለቱ ተጣምረው አንድ ቦታ ላይ ናቸው። የድሮዎቹ ኒሳን ሊፎች ደግሞ ቻዴሞ ነው ያላቸው። «አዳፕተር አለ» ይባላል፤ አለ። የዲሲ አዳፕተር ግን ቅርጽ ብቻ የሚያስተካክል ዕቃ አይደለም። ጂቢ/ቲ ከጣቢያው ጋር የሚነጋገርበት መንገድና ሲሲኤስ የሚነጋገርበት መንገድ የተለያየ ነው፤ አዳፕተሩ በመካከላቸው አስተርጓሚ መሆን አለበት፣ መቶ ኪሎ ዋት እያሳለፈ። ርካሽ አስተርጓሚ እዚህ ላይ አያዋጣም። መጀመሪያ በምትሄዱበት መንገድ ያሉት ጣቢያዎች የትኛው መሰኪያ እንዳላቸው ዞራችሁ እዩ፣ ከዚያ መኪና ምረጡ።

የእህቴን መንገድ ደግሞ አብረን ሠራነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ትበላለች ብንል 15 ይሆናል። አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ለማውጣት ሌላ 4 ያህል ይጨመራል። ስትመለስ ቁልቁለቱ ከዚያ የተወሰነውን ይመልስላታል። ደርሶ መልስ ከ30 እስከ 35 ብንይዝለት አይበዛም፤ የባትሪው ግማሽ ማለት ነው። በ120 ከሮጠች ግን ሂሳቡ ይፈርሳል፤ የነፋሱ ግፊት በ90 ከመንዳት በ78 በመቶ ይበልጣል። ብሮሹሩ ላይ ያለውን ርቀትም እንዳለ አትውሰዱት። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ይባልላታል፤ ያንኑ ያህል ባትሪ ይዛ አቶ 3 ተብላ አውሮፓ ስትሸጥ 420 ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰክታ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብትነቅል፣ በ3.3 ኪሎ ዋት 30 ያህል ይገባል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ምልልስ ፈጣን ቻርጅ በአብዛኛው አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀን ነው፤ ሐዋሳ ሄዳ በዚያው ቀን መመለስ ስትፈልግ፣ ወይም ወደ ድሬዳዋ ስትነሳ ነው። በዓመት ለጥቂት ቀን ለሚያስፈልግ ፍጥነት ብዙ መቶ ሺህ ብር መጨመር አለባት ወይ? እኔ የለባትም ባይ ነኝ። ትርፉን ለቤቱ መስመር ብታውለው ይሻላል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ የራይድ ሹፌር ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ ደቂቃ እንጀራ ነው።

ስለ አዲስ ብራንድ የሚያሳስበኝ ከፍጥነቱ ይልቅ የነገ ነገር ነው። ባትሪው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሞላ የሚወስነው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው ደግሞ ፋብሪካው። ቻይና ውስጥ ደብልዩኤም ሞተር እ.ኤ.አ. በ2023 ለኪሳራ በቃ፤ ኔታ የሚባሉትን መኪኖች የሚሠራው ሆዞን በ2025 እዚያው ደረሰ። ሁለቱም በዘመናቸው ብዙ የተባለላቸው ነበሩ። የቻርጅ ቀዳዳው ወይም የባትሪው መቆጣጠሪያ ቢበላሽ መለዋወጫውና ኮምፒውተሩ ያለው ጋራዥ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ፣ ዋስትናውን ፋብሪካው ይሰጥ ወይስ አስመጪው፣ ስክሪኑ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየር እንደሆነ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ እኔ አልፈርምም።

እህቴ ሻጩን አንድ ነገር ለመነችው፤ መኪናዋ ባትሪዋ ዝቅ ሲል እሷ ወደምትጠቀምበት ጣቢያ ወስደው እንዲሰኩላት። ፈቀደ። በ22 በመቶ ሰካን፤ ስክሪኑ 57 ኪሎ ዋት አለ። 85 ላይ ስንደርስ ወደ 21 ወርዷል። ከ30 እስከ 80 ያለውን ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች፤ «32 ደቂቃ» ብላ ስልኳ ላይ ጻፈች። ቀብዱን የከፈለችው በማግስቱ ነው።