አጥብቆ መያዝና ማሠራት

በደብረ ማርቆስ የፋርማሲ ተማሪዎች የጥናት ቡድናችን ስለ ሕመም ማስታገሻው ሞርፊንና ስለ ማርከሻው ናሎክሶን አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ «ናሎክሶን ሁለቱም የሚያርፉበትን የሕዋስ ተቀባይ ከሞርፊን ባላነሰ አጥብቆ ከያዘ፣ ሕመም የማያስታግሰው ለምንድን ነው?» መያዝና ማሠራት የተለያዩ ስለሆኑ ነው።

ሚዩ የተባለው የኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት መድኃኒቶች) ተቀባይ የሕዋስን ሽፋን 7 ጊዜ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ነው። ወደ ውጭ የተከፈተ ሰፊ ጉድጓድ አለው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው የአይጥ ተቀባይ ምስል ላይ በግልጽ ይታያል። የሞርፊን ናይትሮጅን እዚያ ገብቶ አስፓርቴት ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር በኤሌክትሪክ ሙል ይሳሳባል። ናሎክሶንም የሚያርፈው እዚያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሞርፊን ሲይዘው ሽፋኑን ከሚያቋርጡት 7 የተቀባዩ ዘንጎች 6ኛው በሕዋሱ ውስጥ በኩል ወደ ውጭ ይገፋል፤ በተከፈተው ቦታም መልእክቱን በሕዋሱ ውስጥ የሚያስተላልፈው ጂ ፕሮቲን ይገባል። ናሎክሶን ግን የሞርፊንን ቦታ ይይዛል እንጂ ተቀባዩን አያሠራም፤ ወንበሩን ይዞ ፍርድ የማይሰጥ ዳኛ ነው።

ሞርፊን በዝቶበት ትንፋሹ የደከመ ሕመምተኛ ናሎክሶን በደም ሥር ሲሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ የሚያገግመው ለዚህ ነው። እስከዚህ ያለው የተረጋገጠ ነው። የሚያስፈልገው መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ግን እንደ መድኃኒቱና እንደ ሰውየው ይለያያል። ናሎክሶን ብዙውን ጊዜ ከሞርፊን ቀድሞ ስለሚያልቅ ትንፋሹ ዳግም ሊደክም ይችላል፤ ስለዚህ ነቃ ተብሎ ከሕመምተኛው አልጋ አይራቅም።