ፉርሽካው ለላሟ፣ ነጩ ለልጁ፦ ሙሉ እህልና የጅማ ልጆች ማዕድ

የጅማ ልጅ «ሙሉ እህል»፣ ማለትም ልጣጩና መብቀያው ያልተለየ እህል፣ የሚለውን ስም ላያውቀው ይችላል። ነገሩን ግን በየቀኑ ያኝከዋል። የቡና ቁርሱ ቆሎ ነው፣ ወይ ንፍሮ። ጠዋት ቂንጬ አለ። አራስ ቤት ገንፎ አይጠፋም፤ በኦሮምኛ መርቃ ይሉታል። የገብስ በሶ በቅመም ቅቤ ሲታሽ ደግሞ ጩኮ ይሆናል፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ይቋጥረዋል። እዚህ ከተማ ልጅን ስለ ሙሉ እህል የሚያስተምር ሰው ትልቁ ሥራው ቤት ያለውን ምግብ ልጁ እንዳይንቀው ማድረግ ነው።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ስሟ ሲነሳ ቡና ይቀድማል፤ ሆድ የሚሞላው ግን በቆሎው፣ ማሽላውና ጤፉ ነው። ዳጉሳና ገብስም አለ። እህል፣ ማርና ጎደሬ የሚገናኙት ገበያ ላይ ነው። የከተማዋ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ስሙ የገነነ ነው። ለልጅ ከዚያ የተሻለ ክፍል የለም፤ ስምንት ዓይነት እህል በአንድ ረድፍ ተደርድሮ፣ እየዘገነ፣ እየጠየቀ፣ ሻጯ ካልተቆጣችው እየቀመሰ ይማራል።

አንድ የእህል ፍሬ ሦስት ክፍል አለው። የውጭው ልጣጭ አለ፤ ፉርሽካ የምንለው እሱ ነው። ጫፉ ላይ የምትበቅለው ትንሿ ክፍል አለች። የቀረው ነጩ፣ ጉልበት የሚሰጠው ስታርች ነው። ፋይበሩ (ሆድ የማይፈጨው ክፍል)፣ ብረቱ፣ ዚንኩና የቢ ቫይታሚኖች በብዛት ያሉት በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ሦስቱም ሳይነጣጠሉ የተበሉ እንደሆነ እህሉ ሙሉ ነው ይባላል። የዱቄት ፋብሪካ ነጭ የፉርኖ ዱቄት ሲያወጣ ልጣጩንና መብቀያዋን ይለያል። ፉርሽካው ለከብት መኖ ይሸጣል። እንግዲህ ላሟ ከልጁ የተሻለ ቁርስ በላች ማለት ነው።

ይህን ለልጅ በቃል ማስረዳት ይከብዳል፤ ማሳየት ግን ቀላል ነው። ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ማታ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ልጣጩ በጥፍር ይላቀቃል። ፍሬው ለሁለት ሲሰነጠቅ ነጣ ያለችው መብቀያ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሌላው ፍሬ እርጥብ ጥጥ ላይ ይቀመጥና በጥቂት ቀን ሥር ያወጣል። ከነጭ ዱቄት ምንም እንደማይበቅል ልጁ ራሱ ይደርስበታል። ሙከራው የሚያስወጣው ብር የለም።

ጤፍ የተለየ ነገር አለው። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ልጣጩን ለመለየት አይመችም። ስለዚህ ነጭም ሆነ ቀይ፣ ሰርገኛም ሆነ ማኛ፣ ጤፉ ከነልጣጩ ይፈጫል። የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ሙሉ እህል ነው። በእርሾ መቡካቱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። እህል ውስጥ ብረትና ዚንክን አንቆ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ቡኮው ሲብላላ ይቀንሳል። እህልን ማብቀልም እንዲሁ ይቀንሰዋል፤ ጉንቁል የሚሠሩ እናቶች ሳይንሱን ሳይሰሙ ሲሠሩት ኖረዋል። ችግሩ ያለው ክብራችን ላይ ነው። ለእንግዳ ነጭ እንጀራ፣ ለቤት ቀዩ። ልጅ ደግሞ የሚማረው ከምናቀርበው ነው፤ ቀይ እንጀራ የችግር ምልክት ይመስለዋል።

ስንዴ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ሰፈር ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴ፣ በወንፊት ካልተነፋ፣ ሁሉም ነገሩ አለ። ከእሱ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ወይም ጨጨብሳ ከሱቅ ፉርኖ ዳቦ ይለያል። ግን ፉርኖው በሩ ላይ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጠዋት ለቸኮለ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የተጋገረ ነው። ብስኩት፣ ፓስታና ኢንዶሚም ምሳ ዕቃ ውስጥ የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። እናትን በዚህ መውቀስ አይገባም። ማቀላቀል ይቻላል፤ ሳምንቱን በሙሉ ብስኩት ከሚሆን ሁለት ቀን ንፍሮ፣ አንድ ቀን የድፎ ቁራሽ ቢገባ ለውጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 15 ግራም ፋይበር ያስፈልገዋል። ከ6 እስከ 9 ዓመት 21 ግራም፣ ከ10 ዓመት በላይ 25 ግራም ነው። ፋይበሩ በዋናነት ከሙሉ እህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ እንዲመጣ ይመክራል። ሽሮና ምስር ወጥ በጤፍ እንጀራ የሚበላ ልጅ ጥሩ መንገድ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ እህል ብቻውን አያሳድግም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረው ነበር። አንዱ ምክንያት የማዕዱ አንድ ዓይነት መሆን ነው። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምር ሕፃን ሆዱ ትንሽ ናት። ቀጭን የበቆሎ አጥሚት ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አይጠቅመውም። ገንፎው ወፈር ብሎ፣ ጥራጥሬ ተቀላቅሎበት፣ እንቁላል ወይም ወተት ወይም ዘይት ሲገባበት ነው ምግብ የሚሆነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶችን ሰብስበው ገንፎ እየሠሩ የሚያሳዩት ለዚህ ነው።

ጅማ ላይ ሊነሱ የሚገባቸው ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። ደረቅ ቆሎ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፣ ያንቃል፤ ለእነሱ በደንብ የበሰለ ንፍሮ በጣት ተጨፍልቆ ይሻላል። ከተማዋ ዝናብ ታበዛለች፣ አየሩም እርጥብ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታል። ከሻገተ እህል የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በማብሰል አይጠፋም፤ የሻገተው ተለቅሞ መጣል አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ቡናው ነው። በቡና አገር ልጅ ከረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ለኔስ?» ማለቱ አይቀርም። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ። «ሻይ በዳቦ» የሚባለው ቁርስ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ዳቦው ነጭ ነው፣ ሻዩም ብረቱን ይቀንሳል። ብርቱካን፣ ፓፓያና ማንጎ በተቃራኒው ብረቱን ያግዛሉ፤ ጅማ ላይ ደግሞ ፍራፍሬ ሞልቷል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ላይ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው በ1952 ከተመሠረተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 ከተመሠረተው የጤና ሳይንስ ተቋም ውህደት ነው። እርሻና ጤና አንድ ግቢ መግባታቸው ለምግብ ትምህርት የተመቸ ነው። ማኅበረሰብ ተኮር በሚለው አሠራሩም ተማሪዎቹ ወደ ሰፈር ወጥተው ይሠራሉ። ከዚያ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በከተማዋ የተወለዱ ሕፃናትን ዕድገትና የሰውነት ይዘት ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። አገር አቀፉ የአመጋገብ መመሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል።

በረመዳን ሁሉም ነገር አንድ ማዕድ ላይ ይታያል። ማፍጠሪያ ላይ የአጃ ወይም የገብስ ሾርባ ይቀርባል። አጠገቡ ከነጭ ዱቄት የተሠራ ሳምቡሳ አለ። ገና መጾም ያልጀመሩት ልጆች የሚሻሙት ሳምቡሳውን ነው። ውስጡ ግን ምስር ነው።