የሬጅስተር ድልደላ ምንድን ነው?

አንድ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠሩ ቫሪያብሎች ሊኖሩት ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ስሌት የሚሠራባቸው ሬጅስተሮች ግን ጥቂት ናቸው። የትኛው ቫሪያብል መቼ ሬጅስተር እንደሚይዝ፣ የትኛውስ ሜሞሪ ላይ ወዳለው ስታክ እንደሚወርድ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የሚወስንበት ሥራ የሬጅስተር ድልደላ ይባላል። የአይቢኤሙ ግሪጎሪ ቻይቲንና ባልደረቦቹ በ1981 ጉዳዩን እንደ ካርታ ማቅለም አድርገው አቀረቡት፤ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልጉ ሁለት ቫሪያብሎች አንድ ቀለም፣ ማለትም አንድ ሬጅስተር፣ ሊጋሩ አይችሉም።

ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር በኦ0፣ ማለትም ኮዱን ለማፍጠን ሳይሞክር፣ ስናስኬድ ይህ ሥራ ከሞላ ጎደል ይቀራል። ቁጥሮችን በሉፕ የሚደምር አጭር ኮድ ብንወስድ፣ ድምሩ በየዙሩ ከስታክ ይነበባል፣ ይጨመርበታል፣ ተመልሶም እዚያው ይጻፋል። ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የኮድ ስህተት መፈለጊያው ዲበገር ቫሪያብሉን ምንጊዜም በቦታው እንዲያገኘው ያደርጋል። ኮዱን በሚያፈጥነው በኦ2 ግን ድምሩ ሉፑ እስኪያልቅ ከሬጅስተር ላይወጣ ይችላል።

አንድ የኮምፓይለር አማራጭ በሁሉም ፕሮሰሰር ላይ እኩል አይመዝንም። ባለ32 ቢት ኤክስ86 ያሉት አጠቃላይ ሬጅስተሮች 8 ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ የስታክን ጫፍ፣ ሌላው፣ ፍሬም ፖይንተር የሚባለው፣ በሥራ ላይ ያለው ፋንክሽን በስታኩ ላይ የያዘውን ክፍል (ፍሬሙን) መነሻ ሲጠብቅ ለቫሪያብል የሚተርፉት 6 ብቻ ይሆናሉ። ፍሬም ፖይንተርን የሚያስቀረው አማራጭ ሰባተኛውን ስለሚያስለቅቅ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ባለ64 ቢቱ ኤክስ86 16፣ ባለ64 ቢቱ አርም ደግሞ 31 ስላሏቸው ግን አንድ ሬጅስተር ለፍሬም ፖይንተር መተው ያን ያህል አይጎዳም። የሊኑክስ ስርጭቶቹ ፌዶራ 38 እና ኡቡንቱ 24.04፣ ፕሮግራሞች ጊዜያቸውን የት እንደሚያጠፉ ለመለካት እንዲመች ፍሬም ፖይንተሩን ሊመልሱ የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፍሬም ፖይንተሩን አስቀሩ የሚለውን ከባለ32 ቢቱ ዘመን የተረፈ ምክር ዛሬም እንዳለ መቅዳት፣ በእኔ እይታ፣ ልማድ እንጂ ስሌት አይደለም።

ሉፕን የሚዘረጋው አማራጭ በተቃራኒው ሬጅስተር ያሻማል። አራት ዙር በአንድ ላይ ሲዘረጋና አራት ከፊል ድምሮች ጎን ለጎን ሲያዙ፣ ከአድራሻዎቹና ከቆጣሪው ጋር ባለ32 ቢቱን ኤክስ86 ሊያጣብቡት ይችላሉ፤ አርም ላይ ግን ቦታ ይተርፋቸዋል። ቦታ ሲጠብ ኮምፓይለሩ አንዳንዶቹን ወደ ስታክ ያወርዳል፣ ከመዘርጋቱ የተገኘውም ፍጥነት ሊጠፋ ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን አሴምብሊ (የማሽኑን ትእዛዞች በጽሑፍ) ከፍቶ፣ በሉፑ ውስጥ ብቻ የስታክ አድራሻ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ መቁጠር ጥሩ መነሻ ነው።