ኮሳይነር ምንድን ነው?

ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) መግቢያ ደብዳቤ የደረሰው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደስታው ሳይበርድ የገንዘብ ጥያቄ ይገጥመዋል። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ የሚሰጠው ተማሪው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው ሲያሳይ ነው፤ በታዋቂዎቹ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ይህ መጠን ለአንድ ዓመት ብቻ ከ100,000 ዶላር ያልፋል። በብር የተቀመጠ ቁጠባም አቅሙ ተዳክሟል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን በማለፉ፣ ቀድሞ 35,000 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው 2 ሚሊዮን ብር ከ20,000 ዶላር በታች ወርዷል። የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው የተማሪ ብድር ደግሞ በተማሪ ቪዛ ለሚገባ ሰው አይፈቀድም። ስለዚህ ተማሪው ወደ ግል አበዳሪዎች ይዞራል፤ ብዙዎቹ አበዳሪዎችም ኮሳይነር እንዲያቀርብ ይጠይቁታል።

ኮሳይነር ማለት ከተበዳሪው ጋር በብድር ውሉ ላይ የሚፈርምና ለጠቅላላው ዕዳ እንደ ተበዳሪው እኩል ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነው። ለውጭ አገር ተማሪ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ መደበኛ ገቢና ጥሩ የክሬዲት ታሪክ (ብድርን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ) ያለው መሆን አለበት። አዲስ የመጣው ተማሪ በአሜሪካ ምንም የብድር ታሪክ ስለሌለው፣ አበዳሪው የሚመዝነው በዋናነት የኮሳይነሩን ታሪክ ነው፤ የወለዱ መጠን እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው በአመዛኙ በእርሱ ምክንያት ነው።

በማኅበረሰባችን ቃሉን «ዋስ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ብዙ አለመግባባት የሚጀምረውም ከዚህ ይመስለኛል። ዋስ ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ለሥራ ቅጥር የሚጠየቀው ተያዥ ነው፤ የደመወዝ ማስረጃ አምጥቶ ይፈርማል፣ ተቀጣሪው ንብረት ይዞ ካልጠፋ በቀር ስሙን የሚያነሳው የለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ለተራ ዋስ መከለያ አበጅቶለታል፦ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም፣ ባለገንዘቡም አስቀድሞ የዋናውን ባለዕዳ ንብረት እንዲከታተል ዋሱ መጠየቅ ይችላል። ኮሳይነር ይህ መከለያ የለውም። ከእኛ ሕግ የሚቀርበው በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ የሚሆነው፣ ማለትም ባለገንዘቡ ሙሉውን ዕዳ በቀጥታ ሊጠይቀው የሚችለው ዋስ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች አበዳሪው ተማሪውን ሳይከስ፣ አንዳንዴም ሳይጠይቅ፣ በቀጥታ ወደ ኮሳይነሩ መሄድ ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ በሥሩ ያሉ አበዳሪዎች ይህንኑ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ከፊርማ በፊት ለኮሳይነሩ በጽሑፍ እንዲሰጡ አስገድዷል።

ከዚህም በላይ የኮሳይነሩ ሸክም ተማሪው መክፈል እስኪያቅተው ድረስ አይጠብቅም። ዕዳው ከመጀመሪያው በእርሱም የክሬዲት መዝገብ ላይ ይታያል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አጎት ለእህቱ ልጅ ከፈረመ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ቤት ልግዛ ቢል፣ ባንኩ ወርኃዊ ገቢውን ከዕዳው ጋር ሲያነጻጽር የተማሪውን ብድር አብሮ ሊቆጥርበት ይችላል። ተማሪው አንድ ክፍያ 30 ቀን ካሳለፈ ደግሞ መዘግየቱ በሁለቱም ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ አጎት ይህን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከእህቱ ልጅ ሳይሆን ከአበዳሪው ደብዳቤ ነው።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይረዳል። ተማሪው በሁለቱ የትምህርት ዓመታት መጀመሪያ ላይ በየዓመቱ 40,000 ዶላር፣ በድምሩ 80,000 ዶላር፣ በ10 በመቶ ቋሚ ወለድ ተበደረ እንበል። እየተማረ ምንም ካልከፈለና ክፍያው ከምረቃ ስድስት ወር በኋላ ከጀመረ፣ በመጀመሪያው ብድር ላይ 10,000፣ በሁለተኛው ላይ 6,000 ዶላር ወለድ ተጠራቅሞ ዕዳው 96,000 ዶላር ይደርሳል። ይህም በ10 ዓመት ሲከፈል በወር 1,270 ዶላር ገደማ ነው። ኮሳይነሩ የሚፈርመው እንግዲህ ለ80,000 ዶላር ብቻ አይደለም።

ከውሉ መውጫ መንገድ አለ፤ ጠባብ ነው እንጂ። አንዳንድ አበዳሪዎች ተማሪው ከተመረቀ በኋላ 12፣ ሌሎች ደግሞ 24 ወይም 36 ክፍያዎችን በወቅቱ ከፈጸመና በራሱ ገቢና ክሬዲት ብቁ ከሆነ ኮሳይነሩን ከውሉ ያሰናብታሉ። ሆኖም የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው፣ ይህን ስንብት ከጠየቁት ተበዳሪዎች 90 በመቶው ውድቅ ተደርጎባቸዋል። የሥራ ፈቃዱ ጊዜያዊ ለሆነ የውጭ አገር ተመራቂ ብቁነቱን ማሳየት ይበልጥ እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሕግ አንድ የቆየ ጭካኔ አስቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ በተፈረሙ የግል የትምህርት ብድሮች ተማሪው ቢሞት ኮሳይነሩ ነጻ ይሆናል፣ ኮሳይነሩ ቢሞት ደግሞ አበዳሪው በዚህ ምክንያት ብቻ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ክፈል ብሎ ተማሪውን ማስገደድ አይችልም።

በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ተማሪ የፌዴራል ብድር መጠየቅ ስለሚችል ኮሳይነር ሳያስፈልገው ሊቀር ይችላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ የኤምቢኤ ተበዳሪ የፌዴራሉን ብድር በዓመት በ20,500 ዶላር ስለገደበው፣ ልዩነቱን ለመሙላት እርሱም የግል አበዳሪ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ኮሳይነር የማይጠይቁ አበዳሪዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው ፕሮዲጂ ፋይናንስና በ2014 የተመሠረተው ኤምፓወር ፋይናንሲንግ ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚያበድሩት የተማሪውን የወደፊት ገቢ ገምተው ነው፤ የሚያበድሩት ግን በመረጧቸው ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ብቻ ነው፣ ወለዳቸውም ጠንካራ ኮሳይነር ካለው ብድር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አንዳንድ ትልልቅ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችም ከባንክ ጋር ተስማምተው ተመሳሳይ ብድር ያመቻቻሉ። ይህ ግን በገበያው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲቲባንክ እንዲህ ያለውን ብድር ሲያቆም ትምህርት ቤቶቹ ለውጭ ተማሪዎቻቸው ሌላ አበዳሪ ፍለጋ ተሯሩጠዋል።

ዘመዱን ኮሳይን እንዲያደርግለት የሚጠይቅ ተማሪ በስልክ «ፊርማ ብቻ ነው» ከሚል ሙሉ የውሉን ረቂቅ ቢልክለት ይሻላል። ለዚህ የሚሆን ጊዜ ሕጉ ራሱ ሰጥቷል፦ የግል የትምህርት ብድር ሲጸድቅ ተበዳሪው ለመወሰን 30 ቀን አለው፣ በእነዚያም ቀናት አበዳሪው በአብዛኛው ወለዱንና የውሉን ቃል መለወጥ አይችልም። ከተቀበለና የብድሩን ዝርዝር የያዘው የመጨረሻ መግለጫ ከደረሰው በኋላም ብድሩን ያለ ቅጣት ለመሰረዝ ሦስት የሥራ ቀናት ይቀሩታል፣ ገንዘቡም እስከዚያ ድረስ አይለቀቅም።