ስለ ሃልሽታት የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ሃልሽታት በላይኛው ኦስትሪያ ክልል፣ በዳክሽታይን ተራሮች ግርጌ፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ 750 ገደማ ናቸው፤ በዓመት የሚጎበኛት ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ነው። ፎቶዋ ዓለምን ስላዳረሰ ብዙ ሰው የሚያውቃት ይመስለዋል። ስለ ታሪኳና ስለ አስተዳደሯ ከሚወራው ውስጥ ግን መታረም ያለበት ብዙ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቤቶቹ የሺህ ዓመታት ዕድሜ አላቸው»

የሺህ ዓመታት ዕድሜ ያለው የሰው ኑሮው ነው። በ1750 የተነሳ ቃጠሎ የመንደሯን መሃል ከነጨው ማፍያ ቤቱ አወደመው፤ አሁን አደባባዩ ዙሪያ የሚታየው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በፎቶ ሁሉ ላይ ሐይቁ ዳር የሚታየው ሹል ጉልላት ደግሞ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቆመ ነው። እሱም ብዙዎች እንደሚገምቱት የካቶሊኮች ሳይሆን የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጨው ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ፕሮቴስታንት ነበሩ፤ በ1734 ከአካባቢው ወደ ትራንሲልቫኒያ (በዛሬዋ ሩማንያ) የተጋዙ አሉ። የ1781ዱ የሃይማኖት መቻቻል አዋጅ የጸሎት ቤት ቢፈቅድላቸውም ጉልላትና ደወል ከልክሏቸው ነበር። የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው።

«የሃልሽታት ባህል ማለት ከዚህች መንደር ተነስቶ አውሮፓን የገዛ መንግሥት ነው»

መንግሥት አልነበረም። የጨው ማዕድኑ ኃላፊ የነበረው ዮሐን ጌኦርግ ራምዛወር ከ1846 እስከ 1863 ባሉት ዓመታት 980 ያህል መቃብሮችን አስቆፍሮ እያንዳንዱን በሥዕል አስመዘገበ። ከውስጣቸው የዝሆን ጥርስ እጀታ ያላቸው ሰይፎችና ከባልቲክ ባሕር የመጣ አምበር (ከጥንት የዛፍ ሙጫ የሆነ ጌጥ) ወጣ፤ ጨው ያመጣው ሀብት ነው። ሊቃውንቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 450 ገደማ ያለውን ዘመን በዚህ መካነ መቃብር ስም ጠሩት። ስያሜው ከዚህ ያለፈ ትርጉም የለውም።

ማዕድኑ ከዚያም ይቀድማል። በ2002 ጉድጓዱ ውስጥ የተገኘው የእንጨት ደረጃ የተሠራበት ዛፍ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1344 እና በ1343 መሆኑ በዛፍ ቀለበት ቆጠራ ታውቋል። ከመበስበስ ያዳነው ጨዉ ራሱ ነው።

«ጨዉ በዶማ እየተፈለጠ ይወጣል»

እንደ አፋር አሞሌ ተጠርቦ የሚወጣ የሚመስለው ብዙ ነው። በጥንት ዘመን እውነትም ይፈለጥ ነበር። ችግሩ የተራራው ጨው ከሸክላና ከጂፕሰም ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ነው፤ ፈልጠህ ብታወጣው ገና ማጣራት ይቀርሃል። ስለዚህ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ተራራው ውስጥ ክፍል እየተቆፈረ ንጹህ ውሃ ይለቀቅበታል። ውሃው ጨዉን ያሟሟል፣ ሸክላው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከዚያ የጨው ውሃው ተቀድቶ ይወጣል። የሚወጣው ውሃው ተጨማሪ ጨው መሸከም ሲያቅተው ነው፤ ያኔ አንዱ ሜትር ኩብ ከ300 ኪሎ በላይ ጨው ይይዛል። ቀጭን ሆኖ ከወጣ ትርፉን ውሃ ለማትነን የሚነደው እንጨት ኪሳራ ነው።

እንጨት ደግሞ አለቀ። በሃልሽታት ዙሪያ ያለው ደን ለማፍያው አልበቃ ሲል ውሃውን ደን ወዳለበት መውሰድ ተመረጠ። ከ1595 እስከ 1607 ድረስ ወደ 13,000 የሚጠጉ ግንዶች ተቦርቡረው፣ ጫፍ ለጫፍ እየተሰካኩ፣ ደን እስካላት እስከ ኤበንዜ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ቧንቧ ተዘረጋ። ዛሬም የሃልሽታት የጨው ውሃ በቧንቧ ወደ ኤበንዜ ይወርዳል። እርግጥ ቧንቧው እንጨት መሆኑ ቀርቷል።

«የተሳሉት የራስ ቅሎች የወረርሽኝ ወይም የጦርነት ሙታን ናቸው»

የቦታ ጥበት ያመጣው ልማድ ነው። በተራራውና በሐይቁ መሃል የመቃብር ቦታ ስለማይበቃ መቃብሩ ከ10 እስከ 15 ዓመት ቆይቶ ለሌላ ሟች ይከፈት ነበር። የራስ ቅሉ ይጸዳል፣ ለሳምንታት ውጭ ተቀምጦ ነጭ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ ስምና ዓመት ተጽፎበት በቅጠልና በአበባ ሐረግ ይሳላል። በቅዱስ ሚካኤል የጸሎት ቤት 1,200 ያህል የራስ ቅሎች ሲኖሩ 610ሩ የተሳሉ ናቸው። የመጨረሻው የገባው በ1995 ነው።

«መንደሯ ከጥንት ጀምሮ ራሷን ስታስተዳድር ኖራለች»

ይህ እምነት የሚመነጨው ከ1311 ነው፤ በዚያ ዓመት የሃብስበርጓ ንግሥት ኤልሳቤጥ የገበያ መብት ሰጠቻት። እስከ ዛሬም በሕግ የምትጠራው ማርክትጌማይንደ፣ ማለትም የገበያ መብት ያላት ማዘጋጃ ቤት ተብላ ነው። ሆኖም አካባቢው በሙሉ ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው የሃብስበርግ ዘውድ ንብረት ነበር። ስንት እንጨት እንደሚቆረጥና ስንት ጨው እንደሚወጣ የሚወስነው በወረዳው ዋና ከተማ ግሙንደን የተቀመጠው የዘውዱ የጨው ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ለሠራተኛው እህል የሚያቀርበውም እሱው። ሠራተኛው ከወታደርነት ነፃ ነበር፤ በአስተዳደሩ ግን ድምፅ አልነበረውም።

የዛሬው ማዘጋጃ ቤት የተወለደው መጋቢት 17 ቀን 1849 በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ ነው። የጨው ጽሕፈት ቤቱ በዓመቱ ፈረሰ። የመጀመሪያዎቹ ምርጫዎችም ቢሆኑ እንደሚከፈለው ግብር መጠን ነበሩ፤ ድሃው ማዕድን ቆፋሪ ከእነዚህ ብዙ አላተረፈም። በ1938 ናዚዎች ምርጫውን ጭራሹን አስቀሩት፤ ከ1945 በኋላ ተመለሰ።

«ከንቲባው ከፈለገ የመግቢያ ክፍያ ጥሎ ቱሪስቱን መገደብ ይችላል»

ይህን የሚለው የኦስትሪያ ከንቲባ የሥልጣን ወሰን ያልገባው ሰው ነው። በላይኛው ኦስትሪያ ሕዝቡ በየስድስት ዓመቱ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፦ አንዱን ለምክር ቤት፣ ሌላውን በቀጥታ ለከንቲባ። ለከንቲባነት ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱ መሪዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይወዳደራሉ። ሃልሽታትን በሚያክል ማዘጋጃ ቤት የምክር ቤቱ መቀመጫ 13 ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ በሁለት ይከፈላል። የግንባታ ፈቃድ፣ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ መዋዕለ ሕፃናትና የመንደር መንገድ የራሱ ናቸው። የነዋሪ ምዝገባን የመሰለውን ግን ከላይ በሚሰጠው መመሪያ ነው የሚፈጽመው። ፖሊስ የፌደራል ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ሕንፃ ማዘጋጃ ቤቱ ይጠብቃል፣ አስተማሪውን ግን አይቀጥርም። የጨው ማዕድኑ በ1997 ወደ ግል የዞረ ኩባንያ ነው፤ ሐይቁ በመንግሥት የደን ድርጅት ሥር ነው። በሕዝብ መንገድ የሚሄድን ሰው ማስከፈል አይቻልም። በእጁ ያለው መኪና ማቆሚያው ነው። ስለዚህ በ2020 አስጎብኚ አውቶቡሶች አስቀድመው ሰዓት እንዲይዙ ተደረገ። ቀጠሮ የሌለው አውቶቡስ ማቆሚያ አያገኝም።

«ሚሊዮን ጎብኚ ስላለ ማዘጋጃ ቤቱ በገንዘብ ይዋኛል»

ከፌደራል ግብር የሚደርሰው ድርሻ የሚሰላው ዋና መኖሪያቸውን እዚያ ባስመዘገቡ ሰዎች ቁጥር ነው። ጎብኚ አይቆጠርም። ሽንት ቤቱ፣ ቆሻሻውና ፍሳሹ ግን በአንድ ቀን እስከ 10,000 ሰው ለሚገባበት የበጋ ወቅት መዘጋጀት አለበት። ክፍተቱን ከሚሸፍኑት ዋነኛው አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ ላይ የሚወሰደው 3 በመቶ ግብር ነው፤ በወር 40,000 ዩሮ ደመወዝ የሚከፍል ሆቴል 1,200 ዩሮ ያስገባል። የመኪና ማቆሚያ ገቢም አለ።

«የመኖሪያ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል»

በኦስትሪያ በሆቴል ወይም በወጥ ቤት ሥራ የሚገቡ ወገኖቻችን ይህን ያደባልቁታል። ማዘጋጃ ቤቱ የሚመዘግበው አድራሻ ብቻ ነው። ቤት በገባህ በሦስት ቀን ውስጥ ሜልደትሴተል የሚባለውን ቅጽ ሞልተህ፣ አከራይህን አስፈርመህ፣ ከፓስፖርትህ ጋር ታቀርባለህ፤ ክፍያ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚያስመልሰው የአከራዩ ፊርማ መጉደሉ ነው። የኖርክበት ቦታ ዋና መኖሪያህ ከሆነ እንደዚያው አስመዝግብ፣ የመንደሯም ድርሻ በዚያ ይሰላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የወረዳው አስተዳደር ነው፤ ለሃልሽታት ግሙንደን መሄድ ያስፈልጋል። ጥገኝነት የፌደራሉ መሥሪያ ቤት፣ ዜግነት የክልሉ መንግሥት ጉዳይ ነው። ስትለቅም በሦስት ቀን ውስጥ አሰርዝ፤ ምዝገባውን መዝለል እስከ 726 ዩሮ ያስቀጣል።